አሥራ አራት ደረጃ፣ በውጭ በኩል

ይህን ለቢሮ ባልደረቦቼ እንኳ አልነገርኩም፤ ለእናንተ ግን ልንገርና ልገላገል። ባለፈው ጥር አሰበ ተፈሪ ሄጄ የሰው አልጋ ላይ ተኝቼ ተያዝኩ።

አትሳቁ። የሄድኩት ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ነው። አውቶቡሳችን አዋሽ ላይ ጎማ፣ ሚኤሶ ላይ ራዲያተር እያለ ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ሲያለከልክ ወጥቶ ስንደርስ ወገቤ የእኔ አልነበረም። ሠርገኛው ቤት መቀመጫ እንኳ ጠፋ። አንድ ሰው «ከገበያው ጀርባ አልጋ ቤት አለ፤ ፎቅ ነው» አለኝ። ፎቅ ፈለግኩ፣ ፎቅ አገኘሁ። ከታች ትንሽ ሱቅ፣ በጎን የድንጋይ ደረጃ፣ ከላይ አረንጓዴ መስኮት። ደረጃው መሃል ላይ ማን እንዳስቀመጠው የማይታወቅ በርጩማ አደናቀፈኝና ልወድቅ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ወለሉ የታጠበ ጣውላ፣ አንሶላው የተተኮሰ። «ንጽሕናቸውስ!» እያልኩ ጫማዬን አወለቅኩና ጋደም አልኩ። ሒሳቡን ስነሳ እከፍላለሁ ብዬ።

ስነቃ አንዲት ሴትዮ ራስጌዬ ቆመዋል። ስልሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ጥቁር ሻሽ አስረዋል፤ በእጃቸው የመጋረጃ እጥበት የያዘ ባልዲ አለ።

«አንቺ ልጅ፣ ማን ነሽ?»

«ይቅርታ እማማ፣ አልጋ ቤት መስሎኝ… ስንት ነው የሚከፈለው?»

«የሚከፈለው!» አሉና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። የሳቁ መስሎኝ ነበር። «ይሄ አልጋ ከተነጠፈ አሥራ ሦስት ዓመት አልፎታል። ሰው ሲተኛበት አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

ወይዘሮ ኩብራ አብዱልቃዲር ይባላሉ። አልጋው የታናሽ ወንድማቸው የጂብሪል ነው። ጂብሪል ጅቡቲ ነው። ይመጣል እየተባለ ነው።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ ብመለስ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አውጥተው ፊቴ አስቀመጡ። ደብዳቤ ነው፣ የሁለቱም ወገን። የእሳቸው ሊገኝ የቻለው ጎረቤታቸው ጋሽ ዳምጤ ስለጻፉላቸው ነው። ጋሽ ዳምጤ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ከሥሩ ካርቦን ሳያደርጉ ስማቸውን እንኳ አይፈርሙም። «አውጪው» አሉኝ ወይዘሮ ኩብራ፣ ሥራዬ መጻፍ መሆኑን ሰምተው። «በጋዜጣም ይሁን በመጽሔት አውጪው። ጅቡቲ የነበረ ሰው ያነበው ይሆናል።» እኔም የተደጋገመውን ቀንሼ እነሆ።

ጅቡቲ፣ ኅዳር 8 ቀን 1968 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም። ለማከብርሽና ለምወድሽ እህቴ ለኩብራ አብዱልቃዲር፤ አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። የባልሽን የሙሜን መርዶ ሰምቼ አለቀስኩ። አላህ ማረፊያውን ጀነት ያድርግለት፤ ላንቺም ሶብር ይስጥሽ።

ወደብ ላይ ሥራ አግኝቻለሁ። ሲሚንቶ ነው የምናወርደው። ከመርከብ ስንወርድ ሁላችንም ቅንድባችን ሳይቀር ነጭ ነው፤ ብታዪኝ «ሽማግሌው ማን ነው?» ትያለሽ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ትርፍ ቤት ተወረሰ ሲባል ሰማን። እዚህ ያለው የኛ አገር ሰው ሁሉ የቋጠራትን ይዞ ግራ ገብቶታል። ቤት ቢሠራ ባለቤቱ የለም ተብሎ ይወሰዳል። እኔ ግን አንድ ነገር መጣልኝ። ፎቅ! አባታችን ያንን ግንብ ሲያሠራ «ሌላ ቤት ይሸከማል» ይል አልነበር? ፎቅ ሌላ መሬት አይነካም፣ ከአንድ ቤት ላይ ነው፣ ቤቱም ያው አንድ ቤት ነው። አንቺ ታች፣ እኔ ላይ። ከእንግዲህ የማሽላ ጆንያ ላይ አልተኛም። ፎቁ ያለቀ ዕለት ባቡር እሳፈራለሁ። አላህ ያገናኘን።

ወንድምሽ ጂብሪል

አሰበ ተፈሪ፣ ጥር 20 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለተወደድከው ወንድሜ ለጂብሪል፤ የናፈቀ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ከባሕር ንፋስ ይሰውርህ። እኔ ደኅና ነኝ። ሱቁን ከፍቻለሁ፤ ጨውና ላምባ እሸጣለሁ።

ደብዳቤህ ሲነበብልኝ እልል አልኩ፤ ጎረቤት ምን ወለደች ብሎ መጣ። በማግስቱ ግንበኛውን ዓሊዩን ጠራሁት። ግድግዳውን በመዶሻ እየመታ ጆሮውን ለጥፎ እንደ ሐኪም አዳመጠው። «ይሸከማል» አለ። የጥድ ወጋግራ አሥራ ስምንት፣ የወለል ጣውላ፣ አርባ ቆርቆሮ፣ ስድሳ ከረጢት ሲሚንቶ፣ የእጁ ዋጋ፤ ጠቅላላ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ብር ብሏል። ብዙ ነው። ካልሆነ አንተው ብቻ ና። ሱቁን ለሁለት እንከፍላለን።

እህትህ ኩብራ

(እኔ ጸሐፊው ዳምጤ ነኝ። ዓሊዩ ሲሚንቶ ሲቆጥር የራሱንም ቤት አብሮ የቆጠረ ይመስለኛል። ሃምሳ ይበቃል።)

ጅቡቲ፣ ሰኔ 3 ቀን 1968 ዓ.ም.

ቢስሚላህ። ለእህቴ ለኩብራ፤ ሰላምታዬ ከባሕሩ ይብዛ። በባቡር የምትነግደው ባየች ስምንት መቶ ብር ታደርስልሻለች። አትጠራጠሪያት፣ የሰው ገንዘብ እንደ ጽላት ነው የምትይዘው። ቀሪውን በየሦስት ወሩ እልካለሁ። ተጨማሪ ፈረቃ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

ደረጃውን ከውስጥ አድርጉት፣ በሱቁ ጥግ። በእንጨት ይሠራል፣ ርካሽ ነው። ጧት ጧት በእግረ ባዶዬ እየወረድኩ ካንቺ ጋር ሻይ እጠጣለሁ።

ጋሽ ዳምጤን አላህ ይስጥልኝ በዪልኝ። ሃምሳ ብለሽ ግዢ።

ጂብሪል

አሰበ ተፈሪ፣ ኅዳር 14 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጂብሪል፤ እንዴት ሰነበትክ? ወጋግራው ተነጥፏል። ከተማው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ነው የሚያልፈው። ከበደሳ ከተማ ቡና የሚያመጣው ሙሳ እንኳ አህያውን አቁሞ «ኩብራ፣ ሰማይ ልትገቢ ነው?» አለኝ። «ወንድሜ ሲመጣ ቁልቁል ያይሃል» አልኩት።

የደረጃውን ነገር ግን አልቀበልህም። ነገ ሚስት ታገባለህ። የሰው ልጅ በገበያተኛ ፊት፣ በሱቄ መሃል እየተሽኮረመመች ልትወጣ ነው? ጓደኞችህስ ጫት ይዘው ሲመጡ በመኝታዬ በኩል ሊያልፉ ነው? ነውር ነው። ደረጃው በውጭ ይወጣል፣ በድንጋይ። የራሱ በር ይኖረዋል። እንግዳ ሆነህ አትኖርም፤ እንደ ሰው የራስህ በር ይኖርሃል። ሦስት መቶ ብር ይጨምራል። እሱን እኔ እችለዋለሁ፣ የእጄን ብር አንባር ሸጬዋለሁ።

ኩብራ

(ዳምጤ ነኝ። እኔም የውስጡ ይሻላል ብዬ ነበር። «አንተ ጻፍ» ተብያለሁ።)

ጅቡቲ፣ መጋቢት 2 ቀን 1969 ዓ.ም.

ቢስሚላህ። እህቴ ሆይ፣ አንባርሽን በመሸጥሽ ተቆጥቻለሁ። እናታችን ያሰረችልሽ አልነበረም?

እንግዲህ በሩ ካለ ቁልፍ ያስፈልጋል። በባየች እጅ የፈረንሳይ ጓጉንቸር ልኬልሻለሁ። ቁልፉ ሁለት ነው፣ ጥርሱ ሦስት። አንዱን ላንቺ ልኬያለሁ፣ አንዱ አንገቴ ላይ ነው። ጓደኞቼ «ጅቡቲ ውስጥ በር የሌለው ባለ ቁልፍ» ይሉኛል። ይበሉ።

ትንሽ ያስለኛል። የአቧራው ነው፣ አትጨነቂ። ለአረፋ እመጣለሁ ኢንሻአላህ።

ጂብሪል

ለአረፋ አልመጣም። በዚያ ክረምት ጦርነቱ መጣ፣ ሐዲዱ ተቆረጠ። ባየች ድሬዳዋ ቀረች። ወይዘሮ ኩብራ ግን በዚያው በተኩሱ ወሬ መሃል አልጋ አሠርተው አስገቡ፣ አንሶላ አነጠፉ። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ከጅቡቲ አንድም ወረቀት አልመጣም።

ጅቡቲ፣ ኅዳር 20 ቀን 1971 ዓ.ም.

ቢስሚላህ። ለእህቴ ለኩብራ፤ በሕይወት ካለሽ። ይህ ስድስተኛ ደብዳቤዬ ነው፤ አምስቱ የት እንደወደቁ አላህ ይወቅ። ባቡሩ ተጀምሯል ሲሉ ሰማሁ። ከሚኤሶ የመጣን ሰው ሁሉ እየያዝኩ እጠይቃለሁ። አንዱ «አሰበ ተፈሪ ደኅና ናት» ይለኛል፣ ሌላው «ምን የቀረ አለ?» ይለኛል። ብቻ አንድ ቃል ላኪልኝ። አንቺ ደኅና ነሽ? ፎቁስ ቆሟል?

ጂብሪል

አሰበ ተፈሪ፣ ጥር 5 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለጂብሪል፤ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ለሁለት ረከዓ ተደፋሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ጋሽ ዳምጤም ደኅና ናቸው። ፎቁ በሰላም ቆሟል። ጥይት አልነካውም። በጧት ፀሐይ የሚገባው ባንተ መስኮት ነው።

ሌላ፣ የምትችል ከሆነ በየወሩ አሥራ ሁለት ብር ላክልኝ። ለፎቁ ነው።

ኩብራ

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። የተላከው ደብዳቤ ይህ ነው። ካርቦኑ ላይ ግን «ጥይት አልነካውም» ከሚለው በታች አምስት መስመር ተሰርዟል። ጋሽ ዳምጤ እየሰሙ ጽፈው፣ ተብለው ሰርዘው፣ ንጹሑን እንደገና ገልብጠዋል። ካርቦን ግን አይረሳም። የተሰረዘው እንዲህ ይላል፦

*«የቀበሌው ሊቀመንበር ሜትር ይዞ መጣ። በር ቆጠረ። ታች አንድ በር፣ ላይ አንድ በር፣ ደረጃው የራሱ፤ ሁለት ቤት ነው፣ አንዱ ትርፍ ነው አለ። ደረጃው ከውስጥ ቢሆን አንድ ቤት ነበር አለኝ። ጂብሪል፣ ደረጃውን ያስወጣሁት እኔ ነኝ።»*

ፎቁ ተወርሷል። በሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። በዚያ ሰሞን ቤት የሌለው ሁሉ ማመልከቻ ይዞ ተሰልፎ ነበር።

የሆነውን የነገሩኝ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው፣ አንዱ የሌላውን አፍ እየነጠቀ ነው። ጋሽ ዳምጤ ዛሬ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ሱቁ በር ላይ ባለች ሣጥን ላይ ነው የሚውሉት።

«ቤቴ ያፈስስ ነበር» አሉኝ። «የሚያፈስስ ቤት ያለው ጡረተኛ ቅድሚያ አለው። አመለከትኩ። ተፈቀደልኝ።»

«ቁልፉን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው» አሉ ወይዘሮ ኩብራ። «‘ኪራዩ በስሜ ነው፣ አልጋው የልጁ ነው’ አለኝ።»

«እንግዲያስ! በሰው አንሶላ ልተኛ?»

(ይህን ሲሉ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።)

«የት ይኖሩ ነበር ታዲያ?» አልኳቸው።

«እዚያው ነዋ። ባልዲ አስቀምጬ።»

ዛሬም እዚያው ናቸው፣ ባልዲውም አለ። ወይዘሮ ኩብራ የወንድማቸውን ፎቅ በጋሽ ዳምጤ ስም በወር አሥራ ሁለት ብር ሲከራዩ አሥራ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። «ለምን አልነገሩትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መጋረጃውን እያጠፉ ነበር። «የሚመጣው ለዚያ ክፍል ነው» አሉኝ። «ክፍሉ የለም ብዬ ብነግረው ለምን ይመጣል?»

ጅቡቲ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1971 ዓ.ም.

ቢስሚላህ። ለእህቴ ለኩብራ፤ የሦስት ወሩን ሠላሳ ስድስት ብር ልኬያለሁ። ግን ይህ ፎቅ እንደ በቅሎ በየወሩ ቀለብ ይፈልጋል እንዴ? ለምስማር ነው? ለቀለም ነው? አልገባኝም፤ ብቻ ከበላ ይብላ።

ለመስኮቱ አረንጓዴ ቀለም ልኬያለሁ። ቀብተሽው ፎቶ ተነሺና ላኪልኝ። በሩ እንዲታይ አድርጊ።

ሥራ ቀይረውልኛል፤ አሁን የመጋዘን ዘበኛ ነኝ፤ መሸከም አከበደኝ። ጉንፋኑ አለቀቀኝም።

ጂብሪል

የፎቶው ቅጂ ቆርቆሮው ውስጥ አለ። ወይዘሮ ኩብራ በሩ ፊት ቆመዋል፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ሻሻቸውን በትከሻቸው ዘርግተው። አቋቋማቸው ምን ያህል ያምራል ብዬ ነበር። ኋላ ሲገባኝ በሻሹ የሸፈኑት የቀበሌውን ቁጥር ነው።

ጅቡቲ፣ መስከረም 25 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለኩብራ፤ ሰላም ላንቺ ይሁን።

አንድ ከሚኤሶ የመጣ ሾፌር ጥላው ሥር ተቀምጦ ሲያወራ ሰማሁ። ስለ እኔ ፎቅ እየተናገረ መሆኑን አያውቅም። «ከገበያው ጀርባ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ፎቅ አላት። ላይኛው ክፍል በሽማግሌ ጸሐፊዋ ስም ነው። ከተማው የሚለውን ይላል» አለ። የሰው ሳቅ ሰማሁ። እኔ ቁልፉን በሸሚዜ ውስጥ ይዤ ተቀምጫለሁ።

እኔ የተሸከምኩትን ከረጢት ልቆጥርልሽ አልፈልግም። ግን አንድ ነገር ጠይቄሽ ነበር፣ መተኛ። እሱንም ለሌላ ሰጠሽው? ያን ቀን «ቤቱ ጠቦናል» ስትዪኝ ምንም አላልኩም፣ ወጣሁ። አሁንም ምንም አልልም። ለበቅሎው ቀለብ ግን ከእንግዲህ ከኔ አትጠብቂ።

ይህንንም የሚያነብልሽ እሱ ይሆናል።

ጂብሪል

ያነበቡት እሳቸው ናቸው፣ አዎ። ጋሽ ዳምጤ መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤውን ከፈቱ፣ በዓይናቸው እስከ ግርጌው ወረዱበት፣ ከዚያ አነበቡ፦ «ለእህቴ ለኩብራ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን፣ እኔ ደኅና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኛል፣ ገንዘብ ለጊዜው አልልክም፣ ጋሽ ዳምጤን ሰላም በዪልኝ።» አጥፈው ሰጧቸው። «ደኅና ነው ይላል» አሉ።

ያልገመቱት ነገር ነበር። ወይዘሮ ኩብራ ከዓመት በፊት ጀምረው ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት ይሄዱ ነበር። ወንድማቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈው ሊያስገርሙት ብለው ለማንም አልተናገሩም። ደብዳቤውን ይዘው ገቡ፣ በጣታቸው ከፊደል ፊደል እየሄዱ ሁለት ቀን አነበቡት። በሕይወታቸው መጀመሪያ ራሳቸው ያነበቡት ደብዳቤ ይህ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ዳምጤን «በደንብ አነበብክልኝ፤ አላህ ይስጥልኝ» አሏቸው። ጋሽ ዳምጤም ገባቸው። ዳግመኛ ስለዚያ አልተነጋገሩም።

ከዚህ ወዲያ ያለው የራሳቸው እጅ ነው። የተማሩበት ደብተር ላይ ቅጂው አለ፤ ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ መስመሩን ያልፋል።

አሰበ ተፈሪ፣ መጋቢት 1974

ወንድሜ ጂብሪል። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔ ኩብራ። በእጄ። ጋሽ ዳምጤ ጥሩ ሰው ነው። አልጋህ ላይ ማንም አልተኛም። ወላሂ። ቤቱን ና እይ። በዓይንህ እይ። ኮቱ ኦቦሌሳ ኮ። ና ወንድሜ። ሰው የሚለውን ተው።

መልስ አልመጣም። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሰባት ዓመት። አሥራ ሁለቱ ብር ከሱቁ፣ አንዳንዴ ከእራታቸው ወጣ። ስደተኞች ከጅቡቲ እየተመለሱ ነው የተባለ ጊዜ ወይዘሮ ኩብራ በባቡሩ ቀን እየወረዱ ሚኤሶ ጣቢያ ቆሙ። ከእያንዳንዱ ፉርጎ የሚወርደውን ሰው አንገት አንገቱን ያዩ ነበር። ፊቱን አይደለም፤ አንገቱን። ቁልፍ አለበት ብለው።

ጅቡቲ፣ የካቲት 17 ቀን 1981 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም። ለማከብርሽ ለታላቅ እህቴ ለኩብራ፤ አሰላሙ ዓለይኩም። ሰባት ዓመት ዝም ማለቴ የሰው ሥራ አይደለም። አውፍ በዪኝ። ደብዳቤሽን ግን በየወሩ አነበዋለሁ። «በእጄ» ያልሽውን።

ስለ ፎቁ ምንም አልጠይቅሽም። ማን እንደሚኖርበት አልጠይቅሽም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ደረጃው ስንት ነው? ሳስበው እወጣለሁ፣ እወጣለሁ፣ ሰባት ላይ ስደርስ ትንፋሼ ያልቃል። እዚህ ሐኪሙ ደረጃ አትውጣ ይለኛል። እኔም ሳቅሁበት፤ ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ለደረጃ ነው አልኩት።

ትንሽ ሲሻለኝ እመጣለሁ። ቁልፉ አለ።

ጂብሪል

አሰበ ተፈሪ፣ መጋቢት 1981

ጂብሪል ወንድሜ። አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ። ደረጃው አሥራ አራት ነው። ቆጥሬው መጣሁ። ሰባተኛው ሰፊ ነው። ዓሊዩ ሳያስበው አስፍቶታል። እዚያ በርጩማ አስቀምጬልሃለሁ። ታርፋለህ። ከዚያ ሰባት ብቻ ነው። ካቃተህ የገበያው ተሸካሚዎች አሉ፤ በወንበር ያወጡሃል። አትፈር። ሰኞም ማክሰኞም ብትመጣ እኔ አለሁ።

ከዚህ በኋላ አንድ ፖስታ ብቻ ነው ያለው። የመጣው ባለፈው ጥቅምት ነው። አልተከፈተም።

ወይዘሮ ኩብራ ከቆርቆሮው ግርጌ አውጥተው ሰጡኝ። አድራሻው በማላውቀው እጅ ተጽፏል፤ ጂብሪል «ኩ»ን እግሯን አስረዝሞ ነው የሚጽፋት፣ ይህኛው አጭር አድርጎ ጽፏታል። ፖስታው ከባድ ነው። ውስጡ ወረቀት ብቻ አይደለም ያለው።

«ዳስሺው» አሉኝ።

በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። ቀጭን ብረት ነው። ጫፉ ላይ ጥርስ አለው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ጋሽ ዳምጤ ከሣጥናቸው ላይ ሆነው «ይከፈት እላታለሁ፤ ሦስት ወር ሆነኝ ስላት» አሉ።

«አንተ ጻፍ እንጂ አትክፈት» አሏቸው።

«እጄ ተንቀጠቀጠ እኮ፣ ምን ልጻፍ?»

«እንግዲያው እኔ እጽፋለሁ። ይህቺ ልጅ አድራሻውን ትጻፍልኝ።»

ላልከፈቱት ደብዳቤ መልስ ጻፉ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀ። ጨው የሚፈልግ ሰው ወደ ሱቁ ሲመጣ ጋሽ ዳምጤ ሰፍረው ሰጡ። ሲጨርሱ አንብበው ሰጡኝ። ቃል ሳልለውጥ፦

አሰበ ተፈሪ፣ ጥር 18 ቀን 1983

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም። ለወንድሜ ለጂብሪል አብዱልቃዲር። ሰላም ላንተ። ፖስታህ ደርሶኛል። አልከፈትኩትም። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

አሁን እውነቱን ልንገርህ። ፎቁን ወስደውታል። ድሮ ነው፣ በሰባ። በር ቆጥረው ነው። አንተ ደረጃው ከውስጥ ይሁን ብለህ ነበር። ውጭ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ነውር ነው ብዬ። ነውሩ የኔ ሆነ። በየወሩ አሥራ ሁለት ብር ያልኩህ ኪራይ ነው። ላንተው ቤት ነው የከፈልነው። ጋሽ ዳምጤ ስሙን ሰጠን እንጂ አንድ ቀን ጋደም አላለም። ቤቱ እስከ ዛሬ ያፈሳል። በክፉ አትጥራው።

ይህን ስትሰማ አልመጣም ትላለህ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ዋሸሁህ።

አንድ ሌላ አለ። ሙሜ በሕይወት እያለ፣ ማሽላው የገባ ቀን፣ ደክሞኝ ነበር። ቤቱ ጠቦናል አልኩህ። ጆንያውን ነበር። ወላሂ ጆንያውን ነበር። አንተ ግን በማግስቱ ሄድክ። እኔም ጆንያውን ነው ብዬ ከኋላህ አልሮጥኩም። ትመለሳለህ ብዬ።

ደረጃ ካቃተህ አትውጣ። ታች ተኛ። እኔ ላይ እወጣለሁ። ገንዘብ አትላክ። ቁልፍም አትላክ። በሩን አልቆልፈውም።

ቤቱ ጠቦን አያውቅም ጂብሪል። ኮቱ።

እህትህ ኩብራ

አድራሻውን ጻፍኩላቸው። ተቀባዩ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። «ጻፊ» አሉኝ። «ጂብሪል አብዱልቃዲር ብለሽ ጻፊ። ሌላ ስም አታስገቢ።» ጻፍኩ፤ «ኩ»ን እንደ እሱ አስረዝሜ «ከኩብራ» ብዬ ከጀርባው አኖርኩ። በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ በራሴ እጅ ፖስታ ቤት አስገባሁት።

ያ ጥር ነበር። አሁን ሐምሌ 1983 ነው። በመሃሉ መንግሥት ተለወጠ፣ መንገዱ ተዘጋ ተከፈተ። የተላከው ደብዳቤ አልተመለሰም፣ መልስም አላመጣም። ቀበሌው ኪራዩን የሚቀበል ሰው ለጊዜው አጥቷል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ወይዘሮ ኩብራ ግን አሥራ ሁለቱን ብር በየወሩ በቆርቆሮው ውስጥ ያስቀምጣሉ አሉ።

ስለያቸው የተናገሩኝ አለ። «ለመውሊድ ነይ፤ ያኔ ምናልባት አብረን እንከፍተዋለን» ብለውኛል። መውሊድ መስከረም ውስጥ ነው። እሄዳለሁ፤ ስኳሬን ይዤ፣ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ያለውን በርጩማ ሳልነካ ተሻግሬ። ፖስታውን ከፍተነው ብንመለስ ምን እንደሚል እነግራችኋለሁ። ሳንከፍተው ብንቀርም፣ ለምን እንዳልከፈትነው እነግራችኋለሁ።